በጥር ብርድ ሳሎን ውስጥ የነቃች ቢራቢሮ

ጥያቄ፦ የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ነው። በጥር ብርድ፣ ክንፏ ብርቱካናማ፣ ጠርዙ ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ሳሎናችን ውስጥ መብረር ጀመረች። መስኮት ከፍተን እንልቀቃት?

መልስ፦ አትልቀቋት፤ ውጭ የምትቀስመው አበባ የለም። በገለጻችሁት መሠረት ትንሿ ቶርቶይስሼል የምትባለው የቢራቢሮ ዝርያ ናት። ከነሐሴ ጀምሮ ቀዝቃዛና ጨለማ ጥግ ፈልጋ ቤት ትገባለች፤ እስከ መጋቢት ገደማ ትተኛለች። ማሞቂያ ሲበራ ግን ብርዱ ያለፈ መስሏት ትነቃለች፤ በበረረች ቁጥር ያጠራቀመችው ስብ ያልቃል።

ክንፏን በጣት አትያዙ፤ እንደ ዱቄት ያለው ቅርፊት ይረግፋል። ብርጭቆ ድፉባትና ከሥር ወረቀት አንሸራቱ። ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩአት። ስትረጋጋ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ወይም ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ አስቀምጧት። ብዙ ሰው የሚረሳው መውጫዋን ነው፦ መጋቢት ላይ የምትወጣበት ክፍተት ካላገኘች እዚያው ትሞታለች።