ስንዴና ገብስ እያፈራረቅሁ ሲናር ለምን በዛብኝ?

ጥያቄ፦ ማሳዬን ያለ ፀረ አረም ኬሚካልና ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ማልማት ከጀመርሁ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሰብል ማፈራረቅ አረምን ይቀንሳል ስለተባልሁ አንዱን ዓመት ስንዴ፣ ሌላውን ዓመት ገብስ እዘራለሁ። ሲናር የሚባለው አረም ግን ከዓመት ዓመት እየባሰበት ሄደ። ስሕተቴ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ የሰብሉ ስም ተለወጠ እንጂ ለአረሙ የተለወጠበት ነገር የለም። ስንዴና ገብስ ሁለቱም የሣር ወገን ናቸው፤ የሚዘሩበትና የሚታጨዱበት ጊዜም ይቀራረባል። ሲናርም እንደ እነርሱ ሣር በመሆኑ አብሯቸው ይበቅላል፣ በመካከላቸው ተሸሽጎ ያድጋል፣ አጫጁ ከመድረሱ በፊትም ፍሬውን አራግፎ ለሚቀጥለው ዓመት ራሱን ይዘራል። ማፈራረቅ የሚጠቅመው ይህን ዑደት ሲያፋልስበት ብቻ ነው።

ቡቃያውን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ስንዴ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ላይ ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ትንንሽ ጆሮ መሰል ነገሮች አሉት፤ ሲናር የለውም። በጥንቃቄ ከነሥሩ ከነቀሉትም የበቀለበት ጠቆር ያለ፣ ጠጉራም ፍሬ ከሥሩ እንደተጣበቀ ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ ሙሉ ማሳ ስንዴ በዚህ መንገድ ማረም ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በመስመር በተዘራ ባቄላ ውስጥ ግን ሣር የሚመስለው ሁሉ አረም ስለሆነ በመስመሮቹ መካከል ያለ ሥጋት ይኮተኮታል። ይሁንና ጥራጥሬ፣ በተለይ አተርና ምስር፣ በለጋነቱ አረምን መቋቋም የሚችል ሰብል አይደለም፤ በወቅቱ ካልታረመ የአረም ዘር ማባዣ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የማምነው እንደ አልፋልፋ ያለ የመኖ ሰብል ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ማሳው ላይ ማቆየትን ነው። መኖው በተደጋጋሚ ሲታጨድ ሲናሩም ዘር ሳይቋጥር አብሮ ይቆረጣል፤ ከሥራቸው የሚያቆጠቁጡ አረሞችም በሥራቸው ያከማቹትን ስንቅ እያሟጠጡ ይዳከማሉ። ቀጥሎ የሚዘራው ስንዴ ከመኖው ሥር በቀረው ናይትሮጅን ፈጥኖ ስለሚያድግ አረሙን በጥላው ይጫነዋል። ከዚያ ባቄላ፣ ከባቄላው በኋላ ገብስ ማስከተል ይቻላል። አጃን ግን ለጊዜው ይተዉት፤ የሲናር የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ከእርሱ መለየቱ እጅግ ከባድ ነው።

የሲናር ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ የአንድ ዓመት ባቄላ ብቻውን አያጠፋውም። በጥልቀት ማረስም የተቀበረውን ዘር ያቆይልዎታልና፣ መሬቱን ቀደም ብለው አለስልሰው አረሙ እንዲበቅል ይፍቀዱለት፤ ከዚያም ላዩን ብቻ በስሱ አርሰው ገድለውት ዘግየት ብለው ይዝሩ። ዛላ ካወጣ በኋላ የነቀሉትን ሲናር ደግሞ ማሳው ውስጥ አይጣሉት፤ ከተነቀለም በኋላ ፍሬው ሊበስል ስለሚችል ከማሳው አውጥተው ያቃጥሉት።