መልስ፦ ፋይሉ ላይ ሲጻፍ የሴትዩአይዲ ቢት ለምን አይጠፋም?

ወንድሜ፣ ሴትዩአይዲ (setuid) ማለት ፕሮግራሙን ማንም ቢያስኬደው በፋይሉ ባለቤት ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ቢት ነው፣ በ4755 ውስጥ ያለው 4 እሱ ነው። አንተ በጻፍከው የፋይል ሲስተም ድራይቨር በኩል ሲጻፍ 4755 የነበረው ፐርሚሽን እንዳለ ይቀራል፣ ኤክስት4 (ext4፣ የተለመደው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም) ላይ ግን ወደ 755 ይወርዳል፣ ለምን ብለህ ነው የጠየቅከው። ትክክሉ የኤክስት4 ነው። ያንተ የደህንነት ቀዳዳ ነውና ችላ እንዳትለው፤ ሴትዩአይዲ ያለው የሩት (የሲስተሙ ሙሉ ባለሥልጣን) ፕሮግራም ላይ ሌላ ሰው መጻፍ ከቻለ፣ ውስጡን በራሱ ኮድ ቀይሮ ሩት ሆኖ ያስኬደዋል።

ሊኑክስ ይህን የሚከላከለው በፋይል_ሪሙቭ_ፕሪቭስ (file_remove_privs) ነው፤ እንዲህ ያሉ ልዩ መብቶችን ከፋይሉ ላይ የሚያነሳ የከርነል ፈንክሽን ነው። የከርነሉን የተለመደ የመጻፊያ ፈንክሽን ብትጠቀም እሱ ራሱ ይጠራልህ ነበር። አንተ የራስህን ስለጻፍክ መጥራቱ ያንተ ሥራ ነው፤ የአይኖዱን (inode፣ የፋይሉን መረጃ የሚይዘው መዋቅር) ሎክ ከያዝክ በኋላ፣ ዳታው ከመጻፉ በፊት። ስህተት ከመለሰ እዚያው አቁምና ስህተቱን መልስ። ሞዱን (የፐርሚሽን ቁጥሩን) በእጅህ ለመቀየር ግን አትሞክር። ሴትጂአይዲ (setgid፣ በባለቤቱ ፈንታ በግሩፑ ሥልጣን የሚያስኬደው ቢት) የራሱ ሕግ አለው፣ ፋይሉ ላይ ካፓቢሊቲ (ከሩት ሥልጣን ተቆርሶ የሚሰጥ መብት) ካለም አብሮ መነሳት አለበት፣ ፈንክሽኑ ይህን ሁሉ ያውቃል።

ስትሞክረው ሩት ሆነህ አይሁን፣ ለሩት ቢቱ አይጠፋም። በተራ ዩዘር የራስህን ፋይል 4755 አድርግና በ>> (ሼል ላይ ፋይሉን ሳያጠፋ መጨረሻው ላይ በሚጽፈው ምልክት) ጨምርበት። በ> ከሆነ ፋይሉ መጀመሪያ ባዶ ስለሚደረግ ቢቱ በሴትአትር (setattr፣ የፋይሉን መጠንና ፐርሚሽን የሚቀይረው ፈንክሽን) በኩል ሊጠፋ ይችላል፣ ያኔ የመጻፊያ ኮድህ ይሥራ አይሥራ ማወቅ አትችልም።