የሂኮሪ ቀስት ጀርባና ልኬት፦ ከደብረ ሲና ለጠየቅከው ወንድሜ

«ሂኮሪ ጣውላ ከአሜሪካ መጥቶልኛል፤ ረጅም ቀስት ልሠራበት ነው። ጀርባው ላይ ምን ልለጥፍ? ስፋትና ውፍረቱስ ስንት ይሁን?» ብለህ የጠየቅከውን ሳነብ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ሂኮሪ ከሚባለው ጠንካራ የአሜሪካ እንጨት፣ ከአንድ ጣውላ አንድ ቀስት አበላሽቼ አንድ ቀስት አውጥቻለሁ።

1. ልኬቱ። ፍላጻውን 70 ሳንቲሜትር ያህል የምትስብ ከሆነ ርዝመቱን ከ170 አታሳንስ። መጨበጫው 10 ሳንቲሜትር ይበቃዋል። ከመጨበጫው ወዲያና ወዲህ ያሉት ሁለት የሚጎብጡ ክፍሎች ክንፎች ይባላሉ፤ እስከ ክንፉ እኩሌታ 4 ሳንቲሜትር ስፋት ይዘህ ሂድ፤ ከዚያ እያጠበብክ ጫፉ ላይ 1.2 አድርሰው። ውፍረቱን 1.5 ላይ ጀምር። ቪዲዮ ላይ የምታየው ጠባብና ሆደ ድብልብል የእንግሊዞች ቀስት የሌላ እንጨት ልኬት ነው፤ እንዳያታልልህ። ሂኮሪ ሲለጠጥ ብርቱ ነው፣ ሲጨመቅ ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን። ከዚያ በኋላ ሜትሩን አስቀምጥና ሁለቱ ክንፎች እኩል እስኪጎብጡ ድረስ ከሆዱ፣ ማለትም ወደ አንተ ከሚዞረው ፊት በኩል ብቻ ፋቅ። የኔ 1.2 አካባቢ ሲደርስ በእህል ሚዛን ሰቅዬ ስስበው 19 ኪሎ አለ።

2. ጀርባው። ጀርባ የምለው ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት ነው። መጀመሪያ ክሩን ተከተል። የእንጨቱ መስመሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ ከሄዱ ምንም አትለጥፍ። ሂኮሪ እኮ በሌላ አገር ራሱ በስሱ ተሰንጥቆ ደካማ እንጨት ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ነው! መስመሩ በጎን እየወጣ የሚያመልጥ ከሆነ ግን ስስ የፍየል ብራና ለጥፍበት። የለፋ ቆዳ ይለጠጣል፣ አይረዳህም። የበሬ ጠፍርም ክንፉን ያከብደዋል። ጅማት ያስፈነጥራል የሚሉህ እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ጅማቱም ከቆዳ የሚፈላው ማጣበቂያም እርጥበት ይጠጣሉ። የጣርማ በር ጉም በላይህ እያለ እሱን አልመክርህም።

ብራናውን ያገኘሁት በአንኮበር መንገድ ካሉ አንድ ብራና ፋቂ አባት ነው። ለመጽሐፍ የተዘጋጀውን አልሰጥም አሉኝ፤ መብታቸው ነው። ከአንገትና ከጠርዝ የተረፈውን ቆርጠው ሲሰጡኝ ወደ ብርሃን አነሡትና «እዚህ ጋ ቢላዋ ነክቶታል፣ ይሄን በመጨበጫው በኩል አድርገው» አሉኝ። ጥፍር የማታክል የሳሳች ቦታ ነበረች፤ እኔ አላየኋትም ነበር።

3. እርጥበት። ይኼን ከሁሉ በፊት ማስቀደም ነበረብኝ፤ እኔን ያከሰረኝ እሱ ነውና። ጣውላዬ የደረሰው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። «እንጨት ከውጭ የሚያስመጣ ሰው አይተን አናውቅም» ብለው ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ ሳመጣ ሌላ ደብዳቤ፣ ያን ሳመጣ ኃላፊው የሉም። አንዲት ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «አገራችን እንጨት አጣ እንዴ?» አለችኝ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲለቁልኝ የመጋዘን ኪራይ በየቀኑ ተቆጥሮ ጠበቀኝ። ከፈልኩ። ጣውላዬ ግን ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን፣ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ነው የከረመው። አንዱ ጫፉ ጠቁሮ ነበር።

ያንጊዜ ትዕግሥት አልነበረኝም። ጣውላውን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቄ በዚያው ሳምንት አንዱን መላግ ጀመርኩ። ብራና የሚለጠፈው ውኃ ውስጥ ርሶ ነው፤ እርጥቡን ብራና በእርጥብ እንጨት ላይ በኮላ ለጥፌ፣ በብስክሌት ከመነዳሪ ጠምጥሜ በሦስተኛው ቀን ፈትቼ ጎተትኩት። አልተሰበረም። ሂኮሪ ቶሎ አይሰበርም፤ እሱ ነው የሚያዘናጋህ። አውታሩን ስፈታው ክንፎቹ ወደ እኔ 8 ሳንቲሜትር ጎብጠው ቀሩ። ፍላጻው 40 እርምጃ ሳይሄድ ይወድቃል። ያ ጉብጠት በእሳት ባሞቀውም፣ ባጠብቀውም ተመልሶ አልቀናም።

ሁለተኛውን ግማሽ ሳልነካ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር፣ ከወለል ርቆ አየር እንዲያገኘው ሰቀልኩት። በየሳምንቱ እሑድ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝነዋለሁ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ግራሙ እየወረደ መጣ። በታኅሣሥ ሦስት እሑድ ተከታትሎ ያው ቁጥር ሲሆን፣ ያንጊዜ መላጊያ አነሣሁ። ለሂኮሪ ጥሩ የሚባለው እርጥበት ከ6 እስከ 8 በመቶ ነው፤ መለኪያ መሣሪያው ስለሌለን ቢያንስ መድረቁን ማቆሙን በሚዛኑ እናውቃለን። የዚህኛው ክር ቀጥ ያለ ስለነበር ጀርባው ላይ ምንም አልለጠፍኩም። ብራናውን ለመጨበጫው ጠቀለልኩት። ዛሬ አውታሩን ስፈታው ጉብጠቱ 2 ሳንቲሜትር አይሞላም፤ 60 እርምጃ ላይ ያለ የገለባ ነዶ ይበሳል። እኔው በእጄ የሠራሁት ነው።

ያንተ ጣውላ በምን ወር እንደደረሰና የት እንደከረመ አልጻፍክም። በዚህ ክረምት ከሆነ የደረሰው፣ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ካለህ ቆላው ላይ አንድ ሁለት ወር ይስቀሉልህ። መልሰህ ስታመጣው ደግሞ ሳትቸኩል መዝነው። አልቆ ሲያበቃም ዘይት ወይም ቫርኒሽ ሁለቴ ሦስቴ ቀባው፣ በተለይ ሁለቱን ጫፎች። እስከዚያው የጣውላውን ጎንና ጫፍ ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን፣ ክሩን አይቼ ብራና ያስፈልገው እንደሆነ እነግርሃለሁ።