የተንቀጠቀጠው እጅሽ

«የአራተኛ ዓመት የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነኝ። ልምምድ የወጣሁት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። በመተንፈሻ ማሽን የሚተነፍስ ታካሚ አልጋው ጠርዝ ላይ ስናስቀምጥ እጄ ተንቀጠቀጠ። ሥራውን ወድጄዋለሁ፣ ግን ፈራሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ቶሎ ማንቀሳቀስ እንደማይጠቅም በጥናት ታይቷል፣ ምን አደከመሽ?› አለችኝ። ልግፋበት ወይስ ወደ ስፖርት ፊዚዮቴራፒ ልዙር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ጓደኛሽ ያለችውን እንይ። የነገረችሽ ግማሹን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። 104 በማሽን የሚተነፍሱ ታካሚዎች ተሳትፈዋል። የሚያስተኛቸው መድኃኒት በየቀኑ ቆም ሲደረግ፣ ግማሾቹ ወዲያው እንቅስቃሴ ጀመሩ። ከእነዚህ ውስጥ 59 በመቶዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር። በተለመደው አሠራር ከታከሙት ግን 35 በመቶው ብቻ። ብዙዎቻችን በዚህ ውጤት ልባችን ሞልቶ ነው ሥራው ውስጥ የገባነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ቲም (TEAM) የተባለው ጥናት ወጣ። 750 ታካሚዎች፣ ስድስት አገሮች። በብዛት የተንቀሳቀሱት የተሻለ ውጤት አላገኙም። የልብ ምት መዛባት፣ የኦክስጅን መውረድና የመሳሰሉት ችግሮችም እነሱ ላይ በዝተው ታዩ፤ እነሱ ላይ 9.2 በመቶ፣ በተለመደው አሠራር በታከሙት ላይ 4.1 በመቶ። ጓደኛሽ የሰማችው ይህን ይመስለኛል። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ሌላኛው ቡድንም ዝም ብሎ አልተኛም። በቀን በአማካይ ወደ 9 ደቂቃ ይንቀሳቀስ ነበር፣ የመጀመሪያው ደግሞ ወደ 21 ደቂቃ። የተነጻጸረው መንቀሳቀስና አብዝቶ መንቀሳቀስ ነው እንጂ መንቀሳቀስና መተኛት አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ «ለማን? መቼ? ምን ያህል?» ነው። ይህን አልጋው አጠገብ ቆሞ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። መተኛቱም ቀላል ነገር አይደለም። በጠና የታመሙ ሰዎችን ጭን በአልትራሳውንድ የተከታተለ ጥናት፣ በአሥር ቀን ውስጥ ከፊት በኩል ያለው አንዱ ጡንቻ ወደ 18 በመቶ ገደማ እንደሚሳሳ አሳይቷል።

ስለ ፍርሃትሽ ደግሞ ከራሴ ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ አባት አልጋ ጠርዝ ላይ አስቀመጥን። ነርሷ የመተንፈሻ ቱቦውን ከንፈራቸው አጠገብ ይዛለች። የማሽኑ ቱቦ እሳቸው ወደሚዞሩበት በኩል ዞሯል፣ የደም ሥር መስመሮቹ ተቆጥረዋል፣ እግራቸው ወለሉን ረግጧል። የደማቸው ኦክስጅን 93 በመቶ ነበር። እኔ ቁጥሩን እያየሁ «አንድ ደቂቃ ብቻ፣ አባቴ፣ ጎበዝ» እላለሁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ አፍንጫቸው ይርገበገብ ነበር። አላየሁም። ቁጥሩ 84 ሲገባ ነው የደነገጥኩት። አስተኛናቸው፣ ደግነቱ ቶሎ ተመለሱ። ነርሷ በኋላ ጠጋ ብላ «ሞኒተሩን ስታይ ፊታቸውን ረሳህ» አለችኝ። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ የእጅሽ መንቀጥቀጥ አያሳስበኝም። ምን ሊበላሽ እንደሚችል ስለገባሽ ነው የተንቀጠቀጠው። ልምድ እጅን ያረጋጋል። የሚያሳስበኝ ምንም የማይሰማው ተማሪ ነው።

መነሻ የሚሆን መስፈርትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የባለሙያዎች ስምምነት የመተንፈሻ ቱቦ መኖሩ ብቻውን ከአልጋ መውረድን እንደማይከለክል ይናገራል። ማሽኑ የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 በመቶ ካልበለጠ፣ የደም ኦክስጅኑ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ትንፋሹም በደቂቃ ከ30 ካልዘለለ፣ በእነዚህ በኩል መንገዱ ክፍት ነው። የደም ግፊቱ፣ የልብ ምቱና ንቃቱ ደግሞ ለየብቻ ይታያሉ። ቁጥሮቹን በቃልሽ ያዢያቸው፤ ግን ከሐኪሙና ከነርሷ ጋር ሳትመክሪ ብቻሽን አትወስኚ።

ስፖርት መጥፎ ምርጫ አይደለም። እዚያ ታካሚው የሚያመውን ቦታ በጣቱ ያሳይሻል። እዚህ በቅንድቡ ነው የሚያናግርሽ። ማክሰኞ ያስቀመጥሽው ሰው ሐሙስ አልጋው ባዶ ሆኖ የምታገኚበት ቀንም ይኖራል። ይህን አልደብቅሽም፣ ከባድ ነው። ሥራ ስትፈልጊም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ብቻ የሚሠራ ቦታ ብዙ አይገኝም። አብዛኛው ከሌሎች ክፍሎች ጋር እየተፈራረቁ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ከተመረቅሽ በኋላ በሳንባና በነርቭ ሕሙማን ዘንድ ብትሠሪ ጥሩ ነው። የማሽኑን አሠራርና የደም ጋዝ (በደም ውስጥ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን) ውጤት ማንበብን እዚያ ሳለሽ ልመጂ።

አሁን ግን ምንም አትወስኚ። የሚቀጥለው ተራሽ ላይ «የታካሚውን ፊት የምከታተለው እኔ ልሁን» ብለሽ ጠይቂ። ሲያልቅ ቁጭ ብለሽ፣ ቁጥሩ ከመለወጡ በፊት ፊቱ ላይ ምን እንዳየሽ ጻፊ። ለአንድ ወር እንዲህ አድርጊና ማስታወሻሽን ላኪልኝ። የት የት ማመልከት እንዳለብሽ ያኔ አብረን እናያለን።