ስለ ሃምሳ ሺው ካርታ ጠይቁኝ

የገጠር አካባቢያችሁን የድሮ 1:50,000 ቶፖ (የመሬት አቀማመጥ) ካርታ እያያችሁ ግራ ያጋባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሺቱ (አንዱ የካርታ ወረቀት) ጥግ ላይ «0939» ይልና ፊደልና ቁጥር ይከተለዋል። ምንድን ነው?

አድራሻው ነው። 09 ኬክሮስ፣ 39 ኬንትሮስ። የአንድ ዲግሪው ካሬ በፊደል ለአራት፣ እያንዳንዱ ደግሞ በቁጥር ለአራት ይከፈላል። በድምሩ 16 ሺት። የአንዱ ጎን 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የሰፈራችንን ቤተ ክርስቲያን ነጥብ ከካርታው አንብቤ ስልኬ ላይ ሳስገባ ማሳ መሀል ያርፋል። ካርታው ተሳስቷል?

አልተሳሳተም ወንድሜ። እነዚህ ሺቶች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም፣ ማለትም የቦታ መለኪያ መነሻ ሥርዓት ነው። መነሻው ግብፅና ሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ የልኬት ነጥብ ነው። ስልክህ የሚሠራው በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሁለቱ እኛ አገር ላይ ወደ 200 ሜትር ይራራቃሉ። መተግበሪያው ላይ ዳተሙን አዲንዳን በለው። የዩቲኤም ዞኑ (የካርታው ፍርግርግ ቀጠና) ለአብዛኛው ደጋ 37 ነው፤ ከ36 ዲግሪ ኬንትሮስ በስተ ምዕራብ ከሆንክ ግን 36።

ጥያቄ፦ አባቴ ቤቶቹ በመስመር የተሰለፉ ነበሩ ይላል። ካርታው ላይ ግን እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። ማንን ልመን?

ሁለቱንም። ከሕትመቱ ዓመት ይልቅ ኅዳጉ ላይ የአየር ፎቶው የተነሳበትን ዓመት ፈልጊ። ካርታው የሚያሳየው ያንን ቀን ነው። ፎቶው ቤቶችን በመስመር ካሰለፈው ከደርግ መንደር ምሥረታ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ በፊት ከተነሳ፣ ቤቶቹ ገና በየማሳው ናቸው። ካርታው ላይ የተጻፈው ዓመት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ሐሮማያ ሐይቅንም እንደዚሁ ነው የምታነቢው። የድሮው ሺት ላይ ሰፊ ሐይቅ ነው፤ በእኛ 1990ዎቹ ማብቂያ ግን ውኃው አልቆ ነበር።

ጥያቄ፦ ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር አለብን። ካርታው ማስረጃ ይሆናል?

ለማሳ ወሰን? በፍጹም። ሒሳቡን እዩት፦ ካርታው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ነው። አንድ ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ብንለው፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ ይሆናል። የመስመሩ ውፍረት ብቻ ክርክራችሁን ይውጠዋል። ደግሞ የማን ይዞታ እንደሆነ ካርታው አይናገርም። ለሱ አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተርና የአካባቢው ሽማግሌ አሉ። ክርክሩ ወንዙ ድሮ በየት ይፈስ ነበር፣ የከብት መንገዱ በየት ያልፍ ነበር ከሆነ ግን አውጡት፤ እዚያ ላይ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ?

አለ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች አሉ። ሰሜኑ በደንብ ተነስቷል። ስለ ዛፍና ስለ እርሻ ለማወቅ ከካርታ ይሻላሉ፤ ካርታ ሠሪ የዘለለውን ፎቶ አይዘልም። አዲስ አበባ ያለው የድሮው ካርታ ሥራ ድርጅት፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት የሚባለው ጋ ጠይቁ። ስትሄዱ የሺቱን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፤ በቀበሌ ስም ብቻ ፍለጋው ይረዝማል።