ቬክተር ፊልድ ለሁለት ስትከፍሉ መጀመሪያ ሩቁን እዩ

ልጆቼ፣ በተለይ ፒዲኢ (ፓርሻል ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን) ላይ ማስተርስና ፒኤችዲ የምትሠሩ፣ ይሄን የምጽፍላችሁ እኔ ወራት የፈጀሁበትን ነገር እናንተ በአንድ ቀን እንድታልፉት ብዬ ነው።

አንድን ቬክተር ፊልድ (በየነጥቡ አንድ ቬክተር የሚሰጥ ፈንክሽን) ዳይቨርጀንሱ ዜሮ የሆነ (ምንጭም ማስረጊያም የሌለው) ክፍልና ግራዲየንት (የአንድ ፈንክሽን ስሎፕ) የሆነ ክፍል አድርጎ መክፈል ሄልምሆልትዝ በ1858 ስለ አዙሪት ከጻፈው ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ሁሌም የሚሠራ ይመስለናል። እኔም በወጣትነቴ በመላው ባለ3 ዳይሜንሽን ስፔስ ላይ፣ የፊልዱ ስኩዌር በ(1+r) አልፋ ፓወር (r ከመነሻው ነጥብ ያለው ርቀት ነው፣ ማባዣው ደግሞ ዌይት ይባላል) ተባዝቶ ኢንቲግራሉ ፋይናይት የሚሆንበትን ስፔስ ይዤ፣ ለማንኛውም አልፋ ይከፈላል ብዬ ብዙ ገጽ ጻፍኩ፣ ስህተት ነበር።

ለምን መሰላችሁ? ከአንድ ኳስ ውጪ ዜሮ የሆነ፣ ኢንቲግራሉ ግን ዜሮ ያልሆነ ለስላሳ ፊልድ ውሰዱ። ስትከፍሉት ሁለቱም ክፍሎች ከኳሱ ውጪ ይተርፋሉ፣ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው ድምራቸው ዜሮ የሚሆነው፣ እያንዳንዳቸው ግን በ1/r³ ፍጥነት ብቻ ነው የሚቀንሱት፣ ስለዚህ አልፋ 3 ከደረሰ ኢንቲግራሉ ይፈነዳል፣ ክፍሎቹ ከስፔሱ ይወጣሉ። በሌላ በኩል አልፋ ከ-3 ካነሰ ኮንስታንት ቬክተር ራሱ ስፔሱ ውስጥ ይገባል፣ እሱ ደግሞ ግራዲየንትም ነው ዳይቨርጀንሱም ዜሮ ነው፣ በየትኛው በኩል እናስቀምጠው? ክፍፍሉ አንድ ብቻ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። በ-3 እና በ3 መካከል ያለው ነው ደህናው፣ ይሄም የሒሳብ ሊቁ ሙከንሃውፕት በ1972 ካወጣው የዌይት ኮንዲሽን (ደህና ዌይቶችን ከሌሎቹ የሚለይ መስፈርት) ጋር ልክ ይገጥማል። እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው፣ ያ ደረቅ የሚመስል ኮንዲሽን እነዚህን ሁለት ቀላል ፊልዶች እየጠበቀልን ነበር።

ድንበር ያለው ግን ወሰን የለሽ ዶሜይን ላይ ስትሠሩ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ዌይት በሌለው ኤል 2 (ስኩዌራቸው ፋይናይት ኢንቲግራል ያላቸው ፊልዶች ስፔስ) ላይ፣ ሁለቱ ክፍሎች ቀጥ ብለው ስለሚገናኙ፣ በኦርቶጎናሊቲ ብቻ የትኛውም ዶሜይን ላይ ይሠራል፣ በስኩዌሩ ፈንታ ፒ ፓወር ወስደን ኤል ፒ ላይ ስንሠራ፣ ፒ ከ2 ሲለይ ግን ማስሌኒኮቫና ቦጎቭስኪ በ1986 ድንበሩ ለስላሳ ሆኖም የሚከሽፍበት ዶሜይን አሳይተዋል። ፋርቪግ፣ ኮዞኖና ዞር በ2005 መውጫ አገኙ፣ ፒ ከ2 ሲበልጥ ኤል ፒን ከኤል 2 ጋር ኢንተርሴክት አድርገው (በሁለቱም ውስጥ ያሉትን ብቻ ወስደው)፣ ሲያንስ ደግሞ ሁለቱን ስፔሶች ደምረው።

አልፋ ከ3 በላይ የግድ ካስፈለጋችሁም ተስፋ አትቁረጡ። የፊልዱ ኢንቲግራል ዜሮ ይሁን በሉና ክፍሎቹ በ1/r⁴ ይቀንሳሉ፣ እስከ 5 ትሄዳላችሁ፣ 5 ላይ ቀጣዮቹ ሞመንቶች (ፊልዱ በኮኦርዲኔቶቹ ተባዝቶ የሚገኙት ኢንቲግራሎች) ይጠብቋችኋል፣ እነሱን በእጃችሁ አስሏቸው።