ፓወር ቫልቭ አልገጥም ላላችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የቱ ስትሮክ (ባለ ሁለት ምት) ሞተር ሳይክል ፓወር ቫልቭ ብቻ፤ ማለትም ጭስ መውጫው ላይ ያለው ቫልቭ። የካርቡሬተር ጥያቄ ያላችሁ ለሌላ ቀን አቆዩልኝ።

ጥያቄ፦ ሲሊንደሩን አውርጄ አጽድቼ መለስኩት። ከታች ጥሩ ይጎትታል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ግን ይታፈናል። ጄት (የካርቡሬተሩን የነዳጅ ቀዳዳ) ልቀይር?

መልስ፦ ጄቱን ለጊዜው ተወው። ቫልቩ በዝቅተኛ ዙር የጭስ መውጫውን ጣሪያ ዝቅ ያደርገዋል፤ ዙር ሲጨምር ይነሳል። ከፈታህ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ቫልቩ ሙሉ እየተከፈተ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የቫልቩን የማስተካከያ ምልክት እይ።

ጥያቄ፦ የኔ ተቃራኒው ነው። ከፍ ባለ ዙር ይበራል፣ ታች ጉልበት የለውም።

መልስ፦ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ቀርቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሰርቮ (ቫልቩን በኬብል በሚያዞር ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) የሚሠራ ያማሃ ነው። ሁለቱን ኬብሎች ባጠብቅም ባላላም ቦታው አይመጣልኝም።

መልስ፦ ሰው ሁሉ ኬብሉን ይዞ ይጀምራል። አንቺ ከቫልቩ ጀምሪ። ኬብሎቹን ከፑሊው (ቫልቩ ጫፍ ላይ ካለው የኬብል መጠምጠሚያ) አውጪና ቫልቩን በእጅ አዙሪው። ሳይዝ መዞር አለበት። ከያዘ ካርቦን ነው፤ ሳይጸዳ ኬብል መነካካት ድካም ብቻ። ከዚያ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫ ቱቦውን) ፈትተሽ በጭስ መውጫው ባትሪ አብሪ። ሙሉ ሲከፈት የቫልቩ ጠርዝ ከጣሪያው ጋር እኩል መሆን አለበት።

ይሄ ከተስተካከለ በኋላ ኬብሎቹን መልሺ። ቁልፉን ስትከፍቺ ሰርቮው ዞሮ ይቆማል። ያኔ ፑሊው ላይ ያለው ቀዳዳ ወይም ጎድጎድ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ አንዱን ኬብል እያላላሽ ሌላውን አጥብቂ። ሁለቱንም ግን እንደ ክራር ክር አትወጥሪያቸው፤ ትንሽ ልቅነት ይኑራቸው፣ አለበለዚያ ሰርቮው ይለፋል። ለመያዣ ቀጭን ዘንግ ካስገባሽ ሞተር ሳታስነሺ አውጪው!

ጥያቄ፦ ቁልፍ ስከፍት «ዝዝዝ» ይላል። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ጤነኛ ነው። ሰርቮው ቫልቩን ወዲያ ወዲህ እያዞረው ነው። መስጋት ድምፁ የጠፋ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ፓወር ቫልቭ ያለው ያማሃ አርዲ 350 ነው። ግራው ልክ ሲሆን ቀኙ ያፈነግጣል።

መልስ፦ የሁለቱ ሲሊንደር ቫልቮች መሃል ላይ ይያያዛሉ። ያ መያያዣ ከተበላ ወይም ቡሎኑ ከላላ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። በኬብል አይፈታም።

ጥያቄ፦ ቫልቩ ፒስተን ሊነካ ይችላል?

መልስ፦ ገልብጠው ከገጠሙት ወይም ልኩን አልፎ ከዞረ፣ አዎ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቫልቩ ላይ ከተያዘ ደግሞ ሲሊንደሩም አብሮ ይሄዳል። ካንዴላውን አውጥታችሁ፣ አንዴ ቫልቩን ከፍታችሁ አንዴ ዘግታችሁ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ምንም ነገር «ቀጭ» ካለ አቁሙ። እኔ ይህን ሳላደርግ አስነስቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ካርቦኑን በሽቦ ብሩሽ ልፋቀው?

መልስ፦ አሉሚኒየም ከሆነ አይሆንም። ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ አንሳው። ቶሎ ቶሎ የሚደፈን ከሆነ ደግሞ የዘይቱን ልክ ተመልከት፤ ዘይት የበዛበትና ሁሌ በዝቅተኛ ዙር የሚነዳ ሞተር ቶሎ ይቆሽሻል።